የተጠባባቂው በረኛ ቀን

እኔ ቶሎ አልቆጣም። ይህን የምለው እንድመሰገን አይደለም፤ ችግሬ ስለሆነ ነው። ሰው ሲበድለኝ እዚያው እስቃለሁ፣ እንዲያውም ትከሻውን ቸብ ቸብ አደርግለታለሁ። ቁጣዬ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ሻወር ውስጥ ቆሜ ራሴን ሳሙና ስቀባ ነው። ያን ጊዜ ብቻዬን እየተሳደብኩ ውሃ አፈሳለሁ። ባለቤቴ «አንተን የበደለ ሰው አገር ጥሎ ለመጥፋት ሦስት ሙሉ ቀን አለው» ትለኛለች። ስለዚህ የዚያን አየርላንዳዊ ነገር ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ ዛሬ ብጽፈው አትፍረዱብኝ።

የተዋወቅነው አገር ቤት ሚሊኒየሙ በተከበረ በማግሥቱ ዓመት ነው። ኦስሎ ውስጥ ቶየን ላይ ያረጁ የኮሙኑ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ ቤቶች ይታደሱ ነበር፤ እኔ ቀለም ቀቢ፣ እሱ አናጺ። በእነሱ አገር የግንባታ ሥራ ድንገት ቀጥ ብሎ አናጺውም ግንበኛውም ሻንጣውን እየያዘ የወጣበት ጊዜ ነበር። ዐርባ ዓመት የሞላው፣ ትከሻ ሰፊ፣ የእጁ ጣቶች እዚህም እዚያም ተሰብረው የተጠገኑ ሰው ነው። ኖርዌጅኛው ከእኔ የባሰ ነበር፤ በእንግሊዝኛ እየጠጋገንን እንግባባለን።

ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የፎርማናችን ልደት ሆነ። ኖርዌጂያኑ ፎርማን ምሳ ወደምንበላበት ብራከ ኬክ ይዞ መጣ፤ ክሬም የተደፋበት፣ እንጆሪ የተደረደረበት ኬክ። እየዞረ «ትፈልጋለህ?» ይላል። እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ደንቡ «ኔይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። ምራቄን እየዋጥኩ ነው ያልኩት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነዋ የሚባለው፤ አንዴ እንቢ፣ ሁለቴ እንቢ፣ «በሞቴ» ሲባል እሺ። ሰውዬው ግን «ጥሩ» ብሎ አለፈኝ። አለፈኝ! ኬኩ ዓይኔ እያየ ጠረጴዛውን ዞሮ አለቀ። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው አዲሱ አናጺም ባዶ እጁን ነው፤ ዓይኑ የኬኩ ካርቶን ላይ ተተክሏል።

«አንተም እንቢ ብለህ ነው?» አልኩት።

«እናቴ ቤት ቢሆን ሦስቴ ይጠይቁኝ ነበር» አለ።

ተያየንና ሳቅን። እስክናለቅስ ሳቅን። ኖርዌጂያኖቹ ምን እንደሆንን አልገባቸውም። በኋላ እንዳስረዳኝ በእነሱም መንደር እንደዚያው ነው፤ ሻይ ሲቀርብልህ ሁለቴ አልፈልግም ትላለህ፣ በሦስተኛው ትቀበላለህ፤ በመጀመሪያው ጥያቄ እጁን የዘረጋ ሰው ያላሳደጉት ይባላል። በዚያች ኬክ ምክንያት ወዳጅ ሆንን። አብረን የተራብን ሰዎች ነን እያልን እንቀልድ ነበር።

ሃውገሩድ ያለው ቤታችን ሲመጣም አላሳፈረኝም። ባለቤቴ ሻይ ስትለው «አልፈልግም» አለ፣ ምግብ ስትለው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አለ፣ እሷም «በሞቴ!» እያለች ሰሃኑን ሞልታ ፊቱ ስታስቀምጥለት ተሽቀዳድሞ ጠረገው። እሷ ባርነሃገ፣ ሕፃናት መዋያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የሰውን ጠባይ የምትለካው በአመጋገቡ ነው። ሲወጣ በሩን ዘግታ «ይሄ ሰውዬ የእኛው ነው፤ ቆዳው ነው የተሳሳተው» አለች።

የጨዋታው ነገር የመጣው በፕላስተር ነው። ግድግዳ ጠርዝ ላይ የምንለጥፈው የወረቀት ፕላስተር ጥቅል አለ አይደል፣ አንድ ቀን ከሦስተኛው ፎቅ መወጣጫ ላይ አምልጦ ወደቀ። እኔ ታች ሆኜ የቀለም ሩሎዬን እያጠብኩ ነበር። ምን እንደሆነ ሳላይ ግራ እጄ ሄዶ ከአየር ላይ ቀለበው። አናጺው ከላይ አንገቱን አስግጎ አየኝና እንደ እብድ ጮኸ፤ «በረኛ! አንተ በረኛ ነህ!»

ኸርሊንግ የሚሉት የአገራቸው ጨዋታ ነው። ሲያሳየኝ ከእኛ ገና ጨዋታ ብዙም አልራቀብኝም፤ ዱላ አለ፣ ሩር አለ፣ ክርክር አለ። ልዩነቱ የእነሱ ዱላ ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ሩሯን ከመሬት አንስተው በአየር ላይ ይመቷታል፣ እሷም እንደ ጥይት ትመጣለች። የበረኛው ዱላ ከሌሎቹ ይሰፋል። በመጨረሻ ግን የሚያድነው ዱላው አይደለም፤ አለመሸሹ ነው። ኦስሎ ያሉት አየርላንዳውያን ትንሽ ቡድን አቋቁመው ግሮሩድ ጫካው ሥር ካለ ሜዳ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ይለማመዱ ነበር፤ አሠልጣኙ እሱ ነው። ወሰደኝ።

ባለቤቴ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ጭኔ ላይ ያለውን ሰማያዊ ሰንበር ዓይታ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶህ ዱላ ፍለጋ ሄድክ? እኔን ብትጠይቀኝ እዚሁ እመታህ አልነበር?» አለች። እኔ ግን ተነክቼአለሁ። በር ላይ ስቆም ሌላ ሰው እሆናለሁ። ከፊቴ ያሉት ተከላካዮች ዘወር ብለው እንኳ አያዩኝም፤ እንዳለሁ ያምናሉ። እኔ ኖርዌይ ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ የመኖሪያ ወረቀቴን ከመጠበቅ በቀር ማንም ከእኔ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። እዚያ ሜዳ ላይ ግን እኔ ከሌለሁ ይገባባቸዋል። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ዓመት መስኮት ሥር ቁጥሩ እስኪጠራ ተቀምጦ አያውቅም።

እሱም አልሰሰተብኝም። አሽ ከሚሉት ጠንካራ እንጨት አንድ ጣውላ መርጦ ለእጄ ልክ የሆነ የበረኛ ዱላ ፈልፍሎ ሠራልኝ። እግር አጣጣሉን፣ ሩሯን ሳይሆን የመቺውን ትከሻ ማየትን፣ ሩሯ ከተያዘች በኋላ ቶሎ አንስቶ ለራቀው ሰው መላክን፣ ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ውለታውን አልክድም። የሚያንገበግበኝም ውለታው ስላለ ነው።

አንድ ቀን መወጣጫው ላይ ማትፓካችንን፣ ከቤት የቋጠርነውን ዳቦ፣ እየበላን የራሱን ታሪክ ነገረኝ። በዚያ ጨዋታ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ገበሬው፣ አስተማሪው፣ አናጺው ከሥራ በኋላ ነው የሚለማመደው። ሰው የሚሰለፈውም ለተወለደበት አውራጃ ነው፤ እዚህ አልተመቸኝም ብሎ ወደ ጎረቤት አውራጃ መሄድ የሚታሰብ አይደለም። በእሱ አውራጃ ደግሞ በሁለት ዓመት የሚበልጠው፣ አገር ያደነቀው በረኛ ነበር። ያ ሰው አይታመምም፣ አይሰበርም፣ ሠርግ የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም። የእኔ ወዳጅ አሥራ አንድ ዓመት ከጀርባው ተጠባባቂ በረኛ ሆኖ ኖረ። ሥራው ከጨዋታ በፊት ዋናውን በረኛ ማሟሟቅ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሩር ይመታለታል፣ ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ይቀመጣል። በትልቁ የበጋ ውድድር አንዲት ደቂቃ አልገባም።

«አንዴ ጣቱን ተመቶ ተንበረከከ» አለኝ። «ጃኬቴን አውልቄ ቆምኩ። አባቴ ሕዝቡ መሐል ነበር፤ ሲነሣ አየሁት። ከዚያ በረኛው ጣቱን አሳስሮ ጨዋታውን ቀጠለ። ጃኬቴን መልሼ ስለብስ እጅጌው ጠፋኝ።» አባቱ ልጁን በር ላይ ቆሞ ሳያየው ሞተ።

«ክፉ ነገር ነው» አልኩት።

«በአሠልጣኙ አልፈርድም፤ ግን ሰው ላይ አላደርገውም» አለ። ይህን በገዛ አፉ ነው ያለው፤ ዳቦውን እያኘከ፣ ፊት ለፊቴ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልምጣ። በአካባቢው አገሮች እንደ እኛ ያሉ ትንንሽ ቡድኖች ነበሩ፤ በየበጋው ተራ በተራ አንዱ ከተማ ያዘጋጃል። ሌሎቹ ከተሞች ሲሆን እኔ አልሄድም፤ ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ከኖርዌይ ብወጣ መመለሻ የለኝም። በማግሥቱ በጋ ተራው የኦስሎ ሆነ። ተራው እንደገና እስኪደርሰን አራት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ዐርባ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አየርላንዳውያኑም ግማሾቹ ወደ አውስትራሊያ ሊሄዱ ወረቀት ጀምረዋል። ስለዚህ ለእኔ ያለችው ያቺ አንዲት ቅዳሜ ናት። እሱም ያውቃል፤ «ይህ ቀን ያንተ ነው» ብሎ ከሁለት ሳምንት በፊት በቡድኑ ፊት ስሜን ጠርቶ በረኛ አድርጎኛል።

እኔም አበድኩ። ያየሁትን ሁሉ ጠራሁ። ባለቤቴ የቅዳሜ ሥራዋን ለጓደኛዋ አዛወረች። ከእኛ በታች ያሉትን ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡትን ጋሼን፣ ደረጃ ላይ ይዤ «ሲጫወት የሚያሳፍር ጎረቤት የለዎትም፤ ይምጡ» አልኳቸው። «ከረባት ያስፈልጋል?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግሮሩድ ሜዳ ስደርስ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እሱ ብቻውን ተቀምጧል። አንድ ቁጥሩን ማሊያ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ያስተካክለዋል። ሰላም ስለው ቀና አላለም።

«ወንድሜ መጥቷል» አለኝ። «ሳይነግረኝ ነው ትናንት ዱብ ያለብኝ። በር ላይ ቆሜ ዓይቶኝ አያውቅም።» ማሊያውን ማስተካከሉን ግን አልተወም።

ምን ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «እንግዲያው የመጀመሪያውን ጨዋታ አንተ ግባና ይይህ» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ ይህን ያልኩት እንደ «እንብላ» ነው። ምሳ እየበላህ ሰው ሲመጣብህ «እንብላ» ትላለህ፤ እሱም «ብሉ፣ አሁን በላሁ» ይላል፤ ሁለታችሁም ተከባብራችሁ ምሳህም ሳይነካ ይቀራል። እኔ የጠበቅኩት «በፍጹም! ቀኑ ያንተ ነው» እንዲለኝ ነው። ከዚያ እኔ «በሞቴ» እላለሁ፣ እሱ «አይደረግም» ይላል፣ በመጨረሻ ማሊያውን በገዛ እጁ ያጠልቅልኛል፣ ተቃቅፈን እንወጣለን። ይህን ሁሉ በሐሳቤ ጨርሼዋለሁ።

ሰውዬው አፌን ሳልዘጋ ማሊያውን አጠለቀ። ራሱ በአንገቱ ሲወጣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አደረገ። «አመሰግናለሁ» አለ፤ አንዴ ብቻ፣ ልክ እንደ ኖርዌጂያን። ያ ኬክ ያለፈው ሰው! ሻይ ሁለቴ እንቢ የሚለው ሰው! «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ አላለኝም።

እኔስ? እኔማ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረግኩት።

ሜዳው ላይ ወጥተን «ትንሽ ትመታልኛለህ?» አለኝ። ሃያ ደቂቃ መታሁለት። ዱላዬን፣ እሱ የሠራልኝን የበረኛ ዱላ፣ ይዤ ሩር እያነሣሁ እመታለታለሁ፤ እሱ ያድናል፣ ያጉረመርማል፣ «ጠንከር አድርግ» ይላል። ሲበቃው ጓንቱን አስተካክሎ በሩ መሐል ቆመ። እኔ ጃኬቴን ለብሼ ከመስመሩ ውጭ ተቀመጥኩ። አንድ ጨዋታ ነው፣ አንድ ጨዋታ ምን አላት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን። ክፋቱ ደግሞ ሰውዬው ጎበዝ ነው። ሁለት አድኖ የማይዳን አንድ አዳነ። ጨዋታው ሲያልቅ ጃኬቴን አውልቄ ቆምኩና ማሊያውን እስኪያወልቅ ጠበቅኩ። አጠገቤ መጥቶ ውሃ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ «ገና አሁን ነው የሞቀኝ» ብሎ አልፎኝ ሄደ። ጃኬቴን እጄ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ።

እዚያ ቆሜ ሳለ ወንድሙ መጣ። ፊታቸው አንድ ነው፤ ይኼኛው ወፈር ያለ፣ ሳቂታ፣ እጁን ዘርግቶ የሚመጣ ሰው ነው። «አንተ ነህ አይደል ተጠባባቂው በረኛ?» አለኝ በደስታ። «ስላንተ ጽፎልኛል። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሳይታክት ያሟሙቀኛል ብሎኛል።»

«መቼ ነው የጻፈልህ?» አልኩት።

«ወር አልፎታል። ‹ኦስሎ ላይ ውድድር አለ፣ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ና እየኝ› ብሎኝ ነው እኮ ትኬት የቆረጥኩት።»

አንድ ወር! ከሁለት ሳምንት በፊት በቡድኑ ፊት «ይህ ቀን ያንተ ነው» ሲለኝ ደብዳቤው ከተላከ ቆይቷል ማለት ነው። ዱብ ያለበት ወንድም የለም፤ የጠራው ወንድም ነው ያለው። ማሊያውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲተክዝ የነበረው እኔ እስክገባና አፌን እስክከፍት ነው። አንድ ቃል አልጠየቀኝም። የእኔን ይሉኝታ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ አጥምዶ ቁጭ አለልኝ፣ እኔም ሰተት ብዬ ገባሁለት። ለወንድምየው ግን ምን አልኩት መሰላችሁ? «ደስ ይላል፣ እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት።

ሁለተኛው ጨዋታ ሲጀመር ባለቤቴ ደረሰች፤ ከጎኗ ጋሼ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው። እሷ ገና ከሩቅ በሩን አየች፣ እዚያ የቆመውን አናጺ አየች፣ ከዚያ እኔን ጃኬት ለብሼ አየችኝ።

«ምነው? ለምን ተቀመጥክ?»

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። ተታለልኩ ማለት ተሸነፍኩ ከማለት ይልቅ ያሳፍራል፤ እሱንም በእሷ ፊት ማዋረድ ነው። «እጄን ወለም አለኝ» አልኩ።

ጉድ ፈላ። «የቱን? አምጣ!» ብላ ሰው ሁሉ እያየ ደህናውን እጄን ይዛ ታሸው ጀመር። «እዚህ ጋ ነው? እዚህ?» እኔም ምን ላድርግ፣ «ኡፍ፣ አዎ እዚያ ጋ» እያልኩ ፊቴን አጨማደድኩ። ከቦርሳዋ ሻሽ አውጥታ የእጄን አንጓ ጥፍንግ አድርጋ አሰረችው። ባርነሃገ ውስጥ የወደቀ ሕፃን እንደምታስር አድርጋ ነው ያሰረችኝ።

ጋሼ እጄንም በር ላይ የቆመውንም ሰውዬ እያፈራረቁ ያዩ ነበር። በኋላ ባለቤቴ ውሃ ልታመጣ ስትሄድ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ጭኜአለሁ፤ የታመመና የተከፋ ሰው አቀማመጡ ይለያል» አሉኝ።

«ተዉኝ ጋሼ» አልኳቸው። ተዉኝ።

ሦስተኛው ጨዋታ የዋንጫው ነበር። ከዚህ በላይ ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ። አንዲት ሩር ከቅርብ መጥታ፣ ሁላችንም ገባች ብለን ስንነሣ፣ በባዶ እጁ ቀለባት፤ እኔ ብሆን እይዛት ነበር ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማውቅበት ቀን ያ ብቻ ነበር። አሸነፍን። ተጫዋቾቹ እሱን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ወንድሙ አለቀሰ። ባለቤቴ፣ ምንም የማታውቀው ባለቤቴ፣ «ይበል! ይበል!» እያለች እልል አለች፤ ጋሼ ብቻ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። እኔም በታሰረው እጄ አጨበጨብኩ። እንዲያውም እያጨበጨብኩ «ኡፍ» ማለቱን ረሳሁት።

ዋንጫውን ይዞ ንግግር አደረገ። ኦስሎን አመሰገነ፣ ዳኛውን አመሰገነ፣ አባቱን አነሣ። እኔን አላነሣኝም። ዓይኑ በእኔ በኩል ሲያልፍ ፈጠን ብሎ አለፈ።

በቴባኑ፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «እንዴት ያለ ጎበዝ ሰው ነው ባክህ፤ ለካ እንዲህ ነው ጨዋታው» አለች። ቀጥላም «አይዞህ፣ እጅህ ሲሻልህ በሚቀጥለው ደግሞ አንተን እናያለን» አለችኝ። በሚቀጥለው! እኔን ልታይ መጥታ እሱን ዓይታ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ቁጣዬ ቀኑን ጠብቆ መጣ። ሳሙናው ራሴ ላይ እንዳለ ነው የጀመረኝ። በአማርኛ ሰደብኩት፣ በኖርዌጅኛ ሰደብኩት፣ ያለችኝን ጥቂት እንግሊዝኛም ጨረስኩባት። ባለቤቴ በሩን ደብድባ «ምን ሆንክ?» ስትል ሁሉንም፣ ደብዳቤውንም ወለምታውንም፣ እርጥቤን ቆሜ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ሻሹን አንሥታ ጣለችውና «ሂድና ንገረው። ዛሬውኑ፣ ሳይበርድልህ» አለችኝ።

ቶየን ስደርስ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ የበር መቃን እየገጠመ አገኘሁት። ጸጉሬ ገና አልደረቀም። ፎርማኑ ታች ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ፤ ዝቅ ማለቱን ግን አልቻልኩበትም።

«ወንድምህ ሁሉን ነግሮኛል» አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። «ራስህ አልነበርክ ግባ ያልከኝ?»

«እኔ ያልኩትን አንተ ታውቀዋለህ! ፎርማኑ ቢለኝ ይገባኛል፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ!»

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ የተሰባበሩ ጣቶቹን እያየ፣ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» አለ። «ብጠይቅህ እንቢ ልትለኝ ትችል ነበር። ካልጠየቅሁህ ግን ራስህ እንደምትሰጠኝ አውቅ ነበር። ለዚህ ነው ያልጠየቅሁህ።»

ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር። ቢክደኝ እጮህበታለሁ፣ ምናልባት እማታዋለሁ፣ ይወጣልኛል። እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲነግረኝ ግን በምን ልጩህበት?

«አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬአለሁ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «አንድ ቀን ብቻ ነው የፈለግሁት።»

«እኔም አንድ ቀን ብቻ ነበረኝ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። እኔ ሰው አንገቱን ሲደፋብኝ አልችልም፤ ምራቄን ውጬ፣ ጎንበስ ብዬ የማጽናናው እኔ ነኝ። ቆሜ አየሁት፤ አፌ ላይ የመጣውን «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት፣ ሩሎዬን አንሥቼም ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣሁ።